ሞተር፦ እንየው

ለሞተሬ ብለው ከፍለው ተከራዩኝ፤
ገና ሳንርቅ ግን "አጥፋው" ብለው አዩኝ።
ሃያ ዓመት ጣና ላይ ያልጫንሁት ምን አለ?
ገዳም ሳሚ፣ ፈረንጅ፣ የታሰረ ፍየል፣ አንድ ጊዜም ሬሳ፤
ዝምታን በሰዓት የሚከራይ መንገደኛ ግን
አልገጠመኝም።

አምስት ናቸው።
ስመኝ መሰንቆ ይዛለች፤
ጭራውን አትነካም፣ ቆዳውን በጥፍሯ ፍቃ ታደምጣለች።
ናሆም ሽቦ ብቻ ነው፣ በአንገቱ፣ በኪሱ፤
ኬንጂ ከኦሳካ ድንጋይ ጭኖ መጥቷል፤
ድንጋይ! ወደ እኛ አገር! ጉድ እኮ ነው እሱ።
የቀሩት ሁለቱ ስማቸውን ሲነግሩኝ
ሞተሬ ዋጠው፤ ደግሜ ለመጠየቅ አፈርሁ።

"ሙዚቀኞች ነን" አሉ። እሺ፣ ዘፈኑስ?
"ቦታው ነው" አለች ስመኝ፣ "እኛ እንጠይቀዋለን።"
እኔም በልቤ፦ ቦታው ከዘፈነ
ለእናንተ ማን ይከፍላል?

ሰኞ፣ ጡረተኛዋ ወይዘሮ ጥሩዬ
የሽመና መኪናዋን ምት በጭኗ መታችላቸው፤
ቸክ ቸክ፣ ቸክ ቸካ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠጣችውን ቀዳችላቸው።
"በግራ ጆሮዬ አልሰማም" አለች፣ "መኪናው ወሰደው፤
እዚያ እሱ ነው ያለ። ዛሬም ይሸምናል፣ እስካሁን ማን አቆመው?"

ማክሰኞ እንድሪስ ታንኳ ሲያስር
ደንገሉ ሲንቋቋ ማይክ ደቅነው ዋሉ።
"ሥራ ፈት!" አለ እንድሪስ።
ማታ የቀዱትን ሲያሰሙት ግን
አንገቱን ደፋ፣ ቀና አለ፣ ፊቱ ጠቆረ፤
"ሦስተኛዋ እስር ላልታለች።"
ፋኖስ ይዞ ሄደ፤ በጨለማ ፈትቶ እንደገና አሠረ።

ሐሙስ የእኔ ተራ ሆነ።
እምቦጩ ጠርዝ ላይ ቆመን የውሃ ማይክ ጣሉ፤
ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፤
"ስማ" ብለው ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፉት።
መጀመሪያ ምንም።
ቀጥሎ ሽምብራ የሚቆላ የመሰለ፣
ቀጥሎ ዓሣ ይሁን ጉማሬ፣ አንድ ነገር ጓ አለ።
ከዚያ ከሩቅ
መጋዝ፤ ጥርስ የሚያፋጭ፣ የማያባራ መጋዝ።
"ምንድን ነው ይኼ?" አልሁ።
"ጀልባ" አለ ናሆም፣ ጣቱን ቀስሮ።
ነጥብ ታክላለች፤ ዓይን እንኳ አትሞላም።
ውሃውን ግን ሞልታዋለች።

ሃያ ዓመት።
ዓሣ አጥማጁ ወንድሜ "ዓሣው ወዴት ሄደ?" ሲል
መልሱን ከኋላዬ አስሬ እየጎተትሁ
አብሬው ስጠይቅ ኖሬያለሁ።
እርግጥ እምቦጩም አለ፣ መረቡም አለ፤
ሁሉን በራሴ አልጭንም።
ብቻ ሰማሁ።

ቅዳሜ ማታ ውሃው ዳር ላይ፣ ወንበር የለ፣ መድረክ የለ፤
ባጃጅ ነጂ፣ ተማሪ፣ ዓሣ ጠባሿ ከነመጥበሻዋ፣
ሁለት ፖሊስ፣ ምን እንደሚጠብቁ ያላወቁ።
ወረቀት ታደለ፦
መሰንቆ፦ ስመኝ። ድንጋይ፦ ኬንጂ።
መኪና፦ ወይዘሮ ጥሩዬ። ደንገል፦ እንድሪስ።
ሞተር፦ እንየው።
ስሜን ታትሞ የማውቀው ቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ብቻ ነበር።

ድርሻዬ አጭር ናት፤ ማስነሣት፣ አራት ደቂቃ መጠበቅ፣
የስመኝ እጅ ሲወርድ ማጥፋት።
"ዋናው ማጥፋቱ ነው" ብላኛለች፣ "እሱን ነው የምትጫወተው።"
ገመዱን ሳብሁ። ጮኸ። ሰዉ ጆሮውን ያዘ፣
አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ ፖሊሶቹ ተያዩ።
አራት ደቂቃ ለካ ረጅም ኖሯል።
እጇ ወረደ።

የመጣውን አልናገርም፤ የነበረ ነው የመጣው።
ወይዘሮ ጥሩዬ እንኳ ግራ ጆሮዋን
ወደ ውሃው አዞረች።

(ዛሬም እነዳለሁ፤ ልጅ ይበላል።
አንዳንድ ቀን ግን ከእምቦጩ ወዲህ በመቅዘፊያ እመጣለሁ፣
መንገደኛው ካልቸኮለ።)

ያን ሌሊት ቤት ስገባ፣ "ምን ተጫወትህ?" አለች ባለቤቴ።
"አጠፋሁ" አልኋት።
"ምን አጠፋህ?" አለች፣ መብራቱን አብርታ።
ከሰኞ ጀመርሁላት፣ በዝግታ።